ደረጃ አውጪዎቻችንን ዕድሜ ይስጥልን

ቅዳሜ ማታ እህቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ የሶፋውን ጥግ ይዛለች። የእህቴ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ስትለምነን የከረመችውን ፊልም ልናይ ነው፤ አሜሪካውያኑ ተዋናዮች ሊንድሰይ ሎሃንና ጄሚ ሊ ከርቲስ ከ22 ዓመት በኋላ እንደገና እናትና ልጅ ሆነው የተመለሱበትን «ፍሪኪየር ፍራይዴይ»ን። ልጅቷ ሪሞቱን እንዳነሳች የጎረቤት ልጅ፣ ያ በሰፈሩ «ፊልም ያውቃል» የሚባለው፣ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ስንተኛ እንደወጣ እንይ።»

ስልክ ወጣ። የሊንድሰይ ፊልሞች ከ1998 ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ተሰልፈው፣ በየግንባራቸው ቁጥር ተለጥፎባቸው ቀረቡ። ይሄ እዚህ መሆን የለበትም፣ ያኛው ከዚህኛው ይበልጣል፣ እንዴት አምስተኛ ትለዋለህ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ፊልም ምን ታውቂያለሽ… ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ከዚያ መብራቱም ሄደ።

እናንተም ቤት እንዲሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ላማርር አልመጣሁም፤ ላመሰግን ነው።

ደረጃ አውጪ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ፊልም ከፍቶ መቀመጥ፣ መሳቅ፣ እንባ መጥረግ፣ ሲያልቅ ደግሞ «ወደድኩት» ወይም «አልጣመኝም» ብሎ በራስ አፍ መናገር እኮ የድሮ ሰው ድካም ነው። ዛሬ፣ ዕድሜ ለእነሱ፣ ስሜታችን ተመዝኖና ታሽጎ፣ ዋጋው ተጽፎበት እቤታችን ድረስ ይመጣልናል። «7.4» ከተባልክ አለቀ፤ 7.4 ያህል ትስቃለህ። 7.5 ያህል ከሳቅህ ስህተቱ ያንተ ነው።

ደግሞ ለእኛ ባህሉ አዲስ አይደለም። ሰኔ 30 ካርዴን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ምን ተማርክ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «ስንተኛ ወጣህ?» ነበር ጥያቄው። «ከ63 ተማሪ 41ኛ» ስለው ትንሽ ያስብና «ከኋላህ ሃያ ሁለት ሰው አለ ማለት ነዋ» ብሎ ይጽናና ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ሁለት ልጆች እኩል 3ኛ ከወጡ 4ኛ የሚባል እንደሌለ፣ ቀጣዩ በቀጥታ 5ኛ እንደሚሆንም የተማርኩት ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ዕውቀት አንድ ቀን ለሊንድሰይ ሎሃን ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጠቀመ። ቅዳሜ ዕለት ትልቁ ጠብ የተነሳው «ዘ ፓረንት ትራፕ» ላይ ነው። በ1998 የወጣ፣ ሲወለዱ ተለያይተው አንዷ (ሃሊ) ካሊፎርኒያ ሌላዋ (አኒ) ለንደን ያደጉ መንታዎች የክረምት ካምፕ ላይ ተገናኝተው ቦታ የሚለዋወጡበት ፊልም ነው። የጎረቤት ልጅ «አኒ ናት የምትበልጠው፣ የእንግሊዝ አነጋገሯን ስሚው» ይላል። የእህቴ ልጅ «ሃሊን ባታዋርድ ጥሩ ነው» ትላለች። ሁለቱም ያዩት ቅንጭቡን ነው፤ አንዱ የአንዷን፣ ሌላዋ የሌላዋን። እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንዲት ልጅ እኮ ናት ሁለቱንም የሠራችው» ብትል ማን ሰምቷት! ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዲት የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከራሷ ጋር ስትወዳደር አመሸች።

ድንቄም ክርክር ብዬ ልስቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። ይህ የኛ ቤት ቅዠት መስሎኝ ነበር ለካ ዓለም አቀፍ ነው። በ2007 «አይ ኖው ሁ ኪልድ ሚ» የሚል ፊልም ላይ ሊንድሰይ አሁንም ሁለት ልጃገረድ ሆና ተጫወተች፣ ኦብሪና ዳኮታ። በሚቀጥለው ዓመት ለከፋ ፊልም የሚሰጠው የራዚ ሽልማት ሲታደል የዓመቱ መጥፎ ተዋናይት ተባለች፤ ያውም በእኩል ድምፅ። ከማን ጋር እኩል? ከራሷ ጋር። በዚህም አልበቃ፣ የዓመቱን መጥፎ ጥምረት ሽልማትም እሷና እሷ ተካፍለው ወሰዱት። በኛ መምህራን ስሌት ሁለቷ እኩል 1ኛ ስለወጡ 2ኛ አይኖርም፤ ቀጣይዋ ተዋናይት 3ኛ ሆና እናቷ ዘንድ ትገባለች። የደረጃ አወጣጥ ጥበብ ከዚህ በላይ የሚሄድበት ዳገት ያለ አይመስለኝም።

(በነገራችን ላይ ሴትዮዋ ሥራዋ ሁሉ እንዲህ ነው። መንታ ሆነች። በ2003ቱ «ፍሪኪ ፍራይዴይ» ከእናቷ ጋር ገላ ተለዋወጠች። በ2006 ደግሞ «ጀስት ማይ ላክ» ላይ ዕድሏን በአንድ መሳም ለሌላ ሰው አስረከበች። ሌላ ሰው ሆኖ መንቃት የሚሉትን ነገር እንደሷ የለፋበት ልጅ ተዋናይ አላውቅም። ይህ ግን የሚታየው ፊልሞቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ ቁልቁል የደረደራቸው ሰው የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው።)

ምስጋናዬ ለሁሉም እንዲዳረስ በየዓይነታቸው ላንሳቸው። ከኋላ የሚጀምረው አለ፤ አንደኛውን እስኪነግረን ድረስ ፀጉራችን ይሸብታል። ሰው እንዲሰድበው ብሎ ሰው ሁሉ የጠላውን 1ኛ የሚያደርግ አለ፤ ስድብ ለሱ እንደ ደመወዝ ነው። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ፊልሙን ሳያይ ደረጃ የሚያወጣው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉት የነበረው ይሄኔ ነው፤ የኛ ጀግና ግን ይለቅማል፣ ይደረድራል፣ ከዚያም ትልቁ ኩበት የቱ እንደሆነ ይነግረናል።

አሁን ወደ ቮልሷ ልምጣ። የጎረቤት ልጅ ዝርዝር ውስጥ «ኸርቢ፡ ፉሊ ሎድድ» 11ኛ ነው። በ2005 የወጣ ነው። ሊንድሰይ ከአሮጌ መኪና መጣያ ያወጣቻት፣ ጎኗ ላይ 53 ቁጥር ያለባት የ1963 ቮልስ የራሷ ልብ አላት፤ ስታኮርፍ ትቆማለች፣ ደስ ሲላት ትፈተለካለች፣ በመጨረሻም እሽቅድምድም ታሸንፋለች። ልጁ ለምን 11ኛ እንዳደረገው ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መኪና በራሱ ፈቃድ መሄዱ አያሳምንም።»

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው ይህን ያለው!

አጎቴ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ አንድ ጠጅ ቤት በር ላይ ስትደርስ ትጠፋለች። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር። አጎቴ ይወርዳል፣ ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን ይከፍታል፣ አጎንብሶ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። «ትቀዝቅዝ» ይልና ይገባል። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በንፋስ መሆኑን፣ ስለዚህም ጊዜ እንደሚፈልግ ለአክስቴ በሳይንስ አስረድቷታል። ጊዜው ሁለት ብርሌ ያህል ነው። ሲወጣ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። አክስቴ ነገሩ ስላልዋጠላት አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ አብራው ተሳፈረች፤ መኪናዋ ጠጅ ቤቱን ዘወር ብላ ሳታይ አለፈች። አጎቴ «አንቺን ፈርታ ነው» አለ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደግሞ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም፤ እንዲያውም እዚያ ሲደርሱ ትፈጥናለች ትል ነበር አክስቴ።

አንዴ ለቅሶ ስንሄድ ዳገት ላይ ቆመች። አምስት ሰው ወርደን ገፋን። አጎቴ መሪውን እንደያዘ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» ይላል። ከመካከላችን የነበረች አንዲት ዘመዳችን እሷን መስሏት «ኧረ ምንም አይደል» ብላ መለሰችለት። በኋላ ሊሸጣት ወሰነ፤ አክስቴ ናት የወሰነችው። ገዢ መጣ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ዝም። ደግሞ አዞረ፣ ዝም። ሰውየው ተሳድቦ ከሄደ በኋላ አጎቴ ቢሞክራት ተነሳች። ሦስት ገዢ እንዲህ ሸኝታለች። አሁን አጎቴም የለ፤ እሷ ግን ግቢው ጥግ ላይ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማለች፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋባታለች። አክስቴ እስካሁን በአጠገቧ ስታልፍ ፊቷን ታዞርባታለች፤ ጣውንት ለጣውንት እንደሚተያዩት።

የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ 11ኛ። «አያሳምንም።»

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ሊንድሰይ ሐምሌ 2004 18 ዓመት ሞላት። በዚያው ክረምት አንድ ትልቅ መጽሔት ፎቶዋን ሽፋኑ ላይ አውጥቶ «ትኩስ፣ ዝግጁ፣ ሕጋዊ» ብሎ ጻፈባት። የፋሲካ በግ ናት እንዴ ደርሳለች የሚባልላት? ከሦስት ዓመት በኋላ ሰክራ ስታሽከረክር ተይዛ ስትታሰር ደግሞ 21 ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፖሊስ ጣቢያ ፎቶዎቿን ጎን ለጎን አሰልፈው ሳቁ፤ የዚያኛው ይሻላል፣ የዚህኛው ይብሳል እያሉ። የታመመ ልጅ ላይ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል? እኛም ጨዋ ነን ብለን አንቀመጥ። ትናንት ሲያጨበጭብላት የነበረችውን ተዋናይት «በፊትና አሁን» ብሎ፣ ከጉንጯ ላይ ቀይ ቀስት ተክሎ፣ ስንት ኪሎ እንደጨመረች ለሕዝብ የሚያሳውቅ የኛው ልጅ ነው። እናቱን እንዲህ ቢያደርጉበት ዱላ ያነሳ ነበር። አያፍርም! የሚያየውም አያፍርም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

1ኛ ማን እንደወጣ መጠየቅ አያስፈልግም። «ሚን ገርልስ» ነው፤ ሁልጊዜም ነው። ቲና ፌይ የጻፈችው፣ ለወላጆች ምክር ተብሎ ከታተመ መጽሐፍ የተነሳ የ2004 ፊልም። 12 ዓመት አፍሪካ ውስጥ የኖረች ልጅ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ትገባለች (አፍሪካ እዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ሰፈር ናት፣ ታክሲ ይዘህ የምትሄድባት)። ምን ታገኛለች? የምሳ ጠረጴዛው ሁሉ በደረጃ ተከፋፍሎ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ካርታ ተሠርቶለት። ሦስት ቆንጆዎች ደግሞ ደብተር ይዘው በእያንዳንዷ ልጅ ፎቶ ሥር ስድብ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ ሊንድሰይ የዳንሱ ንግሥት ተብላ ዘውድ ይጫንላታል፤ ዘውዱን ትሰብረውና ስብርባሪውን ለልጆቹ ትበትንላቸዋለች።

ይህንን ፊልም ነው እንግዲህ በየዓመቱ ዘውድ የሚጭኑለት። ለጎረቤት ልጅ ይህን ብነግረው «አዎ፣ መጨረሻው አሪፍ ስለሆነ ነው 9.2 የሰጠሁት» አለኝ። ምን ልበለው? እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

መብራቱ በሄደበት እህቴ ሻማ ፍለጋ ወጣች፣ ልጇም ተከትላት ሄደች። ጨለማው ውስጥ እኔ፣ የጎረቤት ልጅና እናቴ ቀረን። እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«የኔ ልጅ» አለችው። «እነዚያ ቀይ ፀጉራሞቹ መንታዎችስ?»

ከዓመታት በፊት ልጆቹ ሲያዩት አብራ ጀምራው መሀል ላይ ያን ጊዜም መብራት ሄዶባታል።

«እናትና አባታቸው ታረቁ? ወይስ ያቺን ቀጭኗን አገባት?»

እኔ አውቀዋለሁ። ግን እሱ ሲመልስላት መስማት ፈለግኩ።

«እሱ ሦስተኛ ነው የወጣው፣ እማማ። 8.6 ነው።»

«እሱንስ ተወው። ታረቁ ወይ?»

ልጁ ስልኩን አበራ። ፊቱ በሰማያዊ ብርሃን ታየ፤ ጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ትንሽ ቆይቶ «ኔትወርክም የለም» አለ።