ከፍሎ መንገላታት

አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላደገ ሰው ከባድ ቦርሳ አዝሎ የሚዞር ፈረንጅ ብርቅ አይደለም። ፒያሳ ላይ ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ወጥቶ፣ ትልቁን ቦርሳ ከጀርባው ትንሹን ከደረቱ አድርጎ፣ አቧራ በጠጣ ክፍት ጫማ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርድ እያየን ነው ያደግነው። የታክሲ ረዳት የመለሰለትን ዝርዝር መንገድ ላይ ቆሞ ሲቆጥር ስናይም "ምስኪን፣ ዘመድ የለውም እንዴ?" ብለን አዝነንለታል። የራሳችን ሰዎች፣ ያውም ትዳር መሥርተው ቋሚ ሥራ የያዙ ሰዎች፣ በተራቸው ያንኑ ሸክም ተሸክመው በፈረንጅ አገር ዝርዝር ሲቆጥሩ ይውላሉ ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም።

የማወጋችሁ ባልና ሚስት ካዛንቺስ ሳይፈርስ ጎረቤቶቻችን የነበሩ ናቸው። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደው ሦስት ወር ሙሉ አውሮፓን በርካሽ ለመዞር መወሰናቸው ሲሰማ እድሩ ውስጥ ትልቅ ግራ መጋባት ተፈጠረ። እኛ ዘንድ ወደ ውጭ የሚኬድበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ አበል ለሚከፈልበት ስብሰባ፣ አለዚያም ለመቅረት። በአበል የሄደ ሰው ከሆቴሉ ቁርስ ላይ ዳቦ በሶፍት ጠቅልሎ ለምሳ ቢያቆይና አበሉን ሳይነካ ቢመለስ ብልህ ይባላል፤ ባጠራቀመውም የጀመረውን ቤት ጣሪያ ያለብስበታል። በራሱ ገንዘብ ሄዶ ያንኑ ዳቦ ለሚቋጥር ሰው ግን ስም አልተገኘለትም። ሕዝባችን ከፍሎ መንገላታትን የሚያውቀው በስለት ብቻ ነው፤ ቁልቢም ሆነ ግሸን የሚወጣ ሰው ደግሞ ቢያንስ የሚለምነው ነገር አለው።

መንገላታቱ የተጀመረው ገና እዚሁ ሳሉ ነው። አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ ፈቃድ የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛ ለመጠየቅ አዋቂ ሰው በነፍስ ወከፍ 90 ዩሮ ይከፍላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የአልጋ ማስያዣና የአውሮፕላን ቀጠሮ ተሟልተው መቅረብ አለባቸው። ባልየው ለጥንቃቄ የመኪናውን ሊብሬ ጭምር አስተረጎመ፤ ሚስትየዋም የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን ከአልበም ውስጥ አውጥታ አቧራውን ካራገፈች በኋላ ለትርጉም ቤት ሰጠች። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "የምትመለሱት ለምንድን ነው?"

ያንኑ ዕለት ማታ ሊመርቋቸው የመጡት የባልየው አጎት ወንበር ስበው ከተቀመጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የምትመለሱት ለምንድን ነው?" አሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ የቆንስላው ሥጋት እንዳይቀሩ ነበር፣ የጋሼ ሥጋት ግን እንዳይመለሱ ነው። ቆንስላው በመጨረሻ ሊብሬውን አይቶ አመነ። ጋሼ ሊብሬውን አይተው "ይህችን አሮጌ መኪና ብሎ ማን ይመለሳል?" አሉ እንጂ አላመኑም።

ሦስተኛው ቆንስላ የእቁቡ ዳኛ ነበሩ። ባልና ሚስቱ የመንገዱን ወጪ ያሰቡት በእቁብ ስለሆነ ዕጣው ሲደርሳቸው ዳኛው ሁለት ዋስ ጠየቁ። ሁለት ዋስ የተለመደ ነው፤ ያልተለመደው ግን ዋሶቹም ፓስፖርት እንዳይኖራቸው መጠየቃቸው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚች ከተማ እውነተኛው የኢሚግሬሽን ባለሙያ የሚገኘው እቁብ ውስጥ ነው።

ረጅም ጊዜ የሚዞሩ ነጮች አንድ ዘዴ አላቸው። በሸንገን አገሮች ውስጥ በየትኛውም 180 ቀን መቆየት የሚቻለው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲያልቅባቸው ኑሮው ረከስ ወደሚለው ወደ አልባኒያ ወይም ወደ ሰርቢያ ተሻግረው የቀረውን 90 ቀን ይገፉና እንደገና ይገባሉ። ባልየው ይህን ዘዴ ደብተር ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ነድፎ ዓመት ሙሉ መዞር እንደሚቻል ለሚስቱ አስረድቷት ነበር። ይሁንና የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የውሳኔውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሲያራዝም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አብሮ አቁሞ ስለነበር ያ ሁሉ ቀለም በከንቱ ፈሰሰ። አንድ ጊዜ የወጣ አይገባም። ሚስትየዋ ደብተሩን ዘግታ "እንግዲያው ሦስት ወሩ ይበቃናል" ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ እንዳልነበረ ባልየው ራሱ መስክሯል።

ስንቅን በተመለከተ ጦርነቱ ከእናቷ ጋር ነበር። እናት ንጥር ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲይዝ አይፈቅድም። "ለራሳቸው ልጅ መስሏቸው ነው?" ብለው ተቆጥተው ቅቤውን መለሱና በሶ፣ ሽሮና በርበሬ አሸጉ። 40 ሊትር ከምትይዘው የጀርባ ቦርሳ ግማሹ በስንቅ ስለተያዘ ባልየው ሦስቱን ወር ያሳለፈው በሁለት ሱሪ ነው። እንደ እኔ ከሆነ በሶው ከሱሪው የተሻለ አገልግሏል።

አውሮፓ ከገቡ በኋላ ትዳሩ ገንዘብ ሚኒስቴር ሆነ። ሚስትየዋ በጀት ታጸድቃለች፤ ባልየው ተጨማሪ በጀት ይጠይቃል፣ አይፈቀድለትም። ሮም ላይ በየመንገዱ ከሚፈሰው ነፃ ቧንቧ ውኃ ሞልተው ይውላሉ፤ ጣጣው የሚመጣው ያ ውኃ መውጫ ሲፈልግ ነው። ጀርመን አገር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ለሽንት ቤት አንድ ዩሮ የተጠየቀው ባልየው በሩ ላይ ቆሞ በብር ሲመነዝረው ፒያሳ ከሚጠጣት ማኪያቶ በልጦ ስላገኘው "ልቻለው" ብሎ ተመልሷል። ስዊዘርላንድ ሲደርሱ ደግሞ የዐቢይ ጾም ገባ። አዲስ አበባ ሳለ ሁዳዴን በሆዱ ሕመም ሲያመካኝ የኖረ ሰው ዙሪክ ላይ የሥጋ ዋጋ አይቶ 55ቱን ቀን ያለ አንዲት ስንጥቅ ጾመ። ንስሐ አባቱ እስካሁን ተአምር ነው ብለው ያምናሉ፤ ማንም አላረማቸውም።

ሉክሰምበርግ ላይ ግን ደስታ ሆነ። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አውቶቡሱም፣ ትራሙም፣ ባቡሩም በነፃ ስለሆነ ባልየው የሚሄድበት ሳይኖረው ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ዋለ። በማግስቱ በዚያው ነፃ አውቶቡስ ሸንገን ወደምትባለው መንደር ወረዱ። አምስት አገሮች በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ለማስቀረት፣ ለቪዛውም ስሙን የሰጠውን ስምምነት የፈረሙት እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1985 በሞዘል ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ነው፤ መንደሯም የወይን ማሳ የከበባት፣ ጸጥ ያለች፣ በአንድ ትንፋሽ ተዞራ የምታልቅ ናት። ባልየው ወንዙ ዳር ቆሞ ግራ ቀኙን አየና "ሊብሬ ያስተረጎመችኝ ይህች ናት?" አለ። ሚስቱ ፎቶ ልታነሳው ብትሞክርም በቁጣ ፊቱን ስላዞረ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ጀርባውና ቦርሳው ብቻ ነው።

ፍራንክፈርት ላይ አንድ ሐበሻ "እኛ እያለን እንዴት አልጋ ትከራያላችሁ?" ብሎ ቤቱ ወሰዳቸውና በየዓይነቱ ጾም በሚያስረሳ ሁኔታ አበላቸው። ቡናው ላይ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለሱ ሲሰማ ሲኒውን አስቀምጦ ዓይናቸውን አየ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ተነስቶ የጠበቃ ስልክ ቁጥር ጽፎ መጣ።

እናቷ ቤት የተደረገው የእንኳን ደህና መጣችሁ ቡና በሰላም አልተጠናቀቀም። "የት ነበር የምታድሩት?" ሲሉ ልጅቱ በየዋህነት "ሆስቴል፣ ስምንት አልጋ ያለው ክፍል" አለች።

"ከማን ጋር?"

"ከመንገደኞች ጋር ነዋ፣ እማዬ።"

"ሴቶች ናቸው?"

"ሴትም ወንድም አለበት።"

እናት ጀበናውን እንደያዙ ወደ አማቻቸው ዞሩ፤ "አንተስ የት ነበርክ?"

"እላይኛው አልጋ ላይ" አለ፣ የሚያድነው መስሎት።

እርሳቸውን ያሳዘናቸው የእንግዶቹ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ዋጋው ነው። ሁለቱ የተዋወቁት ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳሉ ነው፤ ያን ጊዜ ተደራራቢ አልጋ ላይ የተኙበት የወጪ መጋራት ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም። ያንኑ አልጋ እንደገና በዩሮ ተከራይተው መተኛታቸውን ሲሰሙ "በዚህ ገንዘብ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር፣ በር ያለው ክፍል አይገኝም ነበር?" አሉ። በር የሚለውን ቃል ሲናገሩ አማቻቸውን ነበር የሚያዩት።

ከሁሉ የባሰው ግን የተማሩት አመል ነው። ፒያሳ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ማኪያቶ ጠጥተን እንደ ደንቡ የአስተናጋጇን እጅ እየጎተትን "በእናትሽ ከእኔ ውሰጂ!" ስንባባል፣ ባልየው ስልኩን አውጥቶ ሒሳቡን ለስድስት ማካፈል ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ስሌቱ ትክክል ነበር። አስተናጋጇ እንኳ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው፤ እኛም ገንዘቡን ቶሎ ከፍለን ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት ጀመርን።

ጋሼ ለወራት አኩርፈው ነበር። ከአውሮፓ የመጣላቸው ስጦታ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት መሆኑም አልረዳም፤ ፍሪጅ የላቸውም። ባለፈው እሑድ ግን ፊታቸው በርቶ መጡና የወንድማቸውን ልጅ ትከሻ መታ መታ አደረጉት። "አሁን ገና ገባኝ" አሉ። "ታማኝ ለመምሰል ነው የተመለሳችሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይጠረጥራችኋል? ደግሞ ስትጠይቁ ዓይናቸውን ሳያሹ ይሰጧችኋል፤ ያኔ ትቀራላችሁ!" ባልና ሚስቱ ተያዩና ጋሼን ማሳፈር ስላልፈለጉ ዝም አሉ። እርሳቸውም ዝምታውን እንደ ምሥጢር ጠባቂ ተቀብለው፣ ወሬው ከቤቱ እንዳይወጣ አደራ ብለው ሄዱ፤ ማታውኑ የእቁቡ ዳኛ ደውለው ዋሶቹን በአዲስ እንዲተኩ ጠየቁ።