ይድረስ ለማይከፈተው ሊንክ

በዋቢ ጽሑፎቼ ዝርዝር ውስጥ ለሚገኙት ክቡር ሊንክ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው ማክሰኞ ያደረሱብኝን ውርደት ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ።

ማክሰኞ ዕለት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ የውጭ ፈታኙ ገጽ 87 ላይ ቆመው፣ «ይህን የጤፍ ዋጋ ከየት አመጣሽው?» ሲሉኝ፣ ምስክር ብዬ የቆጠርኩት እርስዎን ነበርና በልበ ሙሉነት «ሊንኩ ተቀምጧል» አልኩ። «እስኪ ክፈችው» አሉ። ፕሮጀክተሩ እንደበራ ነው፤ እናቴም ድፎ ዳቦዋን በነጠላ ሸፍና ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ጠቅ አደረግኩ። ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር ቆየችና፣ የእህል ገበያ ሪፖርት ይከፈታል ባልኩበት ሸራ ላይ አረንጓዴ ሜዳ፣ ኳስና «አሁኑኑ ይወራረዱ» የሚል ማስታወቂያ ተዘረጋ። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የግብርና ኢኮኖሚክስ መስሎኝ ነበር የመጣሁት» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እናቴ ስንወጣ፣ «ያ ኳስ የጥናትሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ የወለደዎት ፕሮጀክት ሲያልቅ የአድራሻዎን ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍል ጠፍቶ አወራራጅ ድርጅት ገዝቶዎታል። ዲኦአይ የሚባል ቋሚ የሰነድ መለያ ቁጥር ያላቸው ዘመዶችዎ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እንዲህ አያደርጉም፤ ጽሑፉ ቦታ ሲቀይር አሳታሚው አዲሱን አድራሻ ያስመዘግባል፣ ቁጥሩም ሳይለወጥ አንባቢውን እዚያው ያደርሰዋል። እርስዎ ግን ቁጥር የሌለዎት የፕሮጀክት ሪፖርት ነዎት። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭም ቢሆን መግቢያ ገጽዎን እንጂ ሰነዱን አላስቀረልኝም።

ስለ ሌሎቹ በደሎች ብዙ አልልም። የትምህርት ክፍላችን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የኤፒኤ የዋቢ አጻጻፍ ደንብ ስድስተኛ እትም ይከተላል፤ የውጭ ፈታኙ ደግሞ በ2019 የወጣውን ሰባተኛውን። ስለዚህ የውስጥ ፈታኙ በእያንዳንዱ ሊንክ ፊት «ከዚህ የተወሰደ» አስጨመሩኝ፣ የውጭው ደግሞ ይዘቱ በየጊዜው ከሚለዋወጥ ገጽ በቀር አያስፈልግም ብለው አስወጡኝ። ዋቢዎቹን የሚደረድርልኝ ሶፍትዌርም የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ ጸሐፊዋን ወይዘሮ በአባቷ ስም ጠርቶ የራሷን ወደ አንድ ፊደል አሳጠረው። የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አላነሳም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ሰነዱን ራሱን «ዳውንሎድ (7)» በሚል ስም ከኮምፒዩተሬ አገኘሁት። ሽፋኑ፣ ሠንጠረዡ፣ የጤፉ ዋጋ ሁሉም አለ። በማግስቱ አሳትሜ ይዤ ሄድኩ። ፈታኙ ገልጠው አዩና፣ «መልካም ነው፤ የሚከፈት ሊንክ አምጪና ይታረማል» አሉ። ሰነዱ እኮ እጃቸው ላይ ነው! ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል! ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ፣ ማንም ያልከፈለው የድረ ገጽ ኪራይ ነው ወይ ሐሰት የሚያሰኘው? ገጹን ያጠፋው ሌላ፣ ቁጥር ፈጠርሽ ተብዬ የምጠረጠረው እኔ!

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

እርማቱን የማስረክበው አርብ ስለሆነ፣ እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ከኳሱ ሜዳ ወጥተው ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንዲከፈቱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለውጭ ፈታኙ፣ በወረቀት