ወርክ ፐርሚት እስኪመጣ ትምህርት ቤት ግቡ፣ በሰው ወረቀት አትሥሩ

ትዳር ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ሥራ ጀመርሽ?» ከአገር ቤት የሚደውለውም ይጠይቃል፣ እዚህ የሚኖረውም ይጠይቃል። «ወርክ ፐርሚት እየጠበቅኩ ነው» ስትል፣ የሥራ ፈቃዷን ማለቷ ነው፣ ምክሩ ወዲያው ይመጣል። «እስከዚያ በካሽ የሚከፍል ቦታ አለ» ይሏታል። ከባሰም «የእገሊት ሶሻል አለ፣ በሱ ሥሪ» ይሏታል፣ የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማለት ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም፣ እነሱም በዚያው መንገድ አልፈው ይሆናል። እኔ ግን ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ወርክ ፐርሚት እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ የትምህርት ጊዜ ነው መሆን ያለበት፣ ቤተሰቡም ትምህርቱን እንደ ሥራ ቆጥሮ መደገፍ አለበት ነው የምለው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ። የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ እዚሁ አገር ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው አይ-485 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባል። በእጮኛ ቪዛ የመጣችም እንደዚሁ ናት፣ በገባች በ90 ቀን ውስጥ ካመለከተላት ሰው ጋር ተጋብታ ነው የምታስገባው። ከሱ ጋር አይ-765 የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም በዚያው ፎርም ላይ መጠየቅ ይቻላል፣ ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች በኋላ ሌላ ቢሮ ሄደው ይሰለፋሉ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ለአንዱ ቶሎ ይመጣል፣ ሌላው ወራት ይጠብቃል። ማመልከት ብቻውን የመሥራት መብት አይሰጥም። ጋብቻም አይሰጥም። ካርዱ እጅ ላይ ሲገባ ነው ሥራ የሚጀመረው።

አሁን ወደ «በካሽ ሥሪ» ልመለስ። ሰዎች ይህን ሲመክሩ የሚጠቅሱት አንድ እውነት አለ። የዜጋ ባል ወይም ሚስት በሕጋዊ መንገድ ከገቡ በኋላ ያለ ፈቃድ ቢሠሩ፣ በዚያ ብቻ ግሪን ካርድ አይከለከሉም። ሕጉ ለእነሱ ይህን ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ችግሩ ይህችን እውነት ይዘን ለሁሉም ሰው ማደላችን ነው። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ያገባች ሴት በዚያ ልዩ ሁኔታ ውስጥ የለችም። እሷ ያለ ፈቃድ ከሠራች እዚሁ ሆና ግሪን ካርድ የማግኘት መብቷን ልታጣ ትችላለች። ባሏ ዜጋ ይሁን ግሪን ካርድ ያዥ ሳይጠይቅ «ምንም አይልሽም» የሚል መካሪ ስንት ነው? ለዜጋ ሚስትም ቢሆን ነገሩ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ፎርሙ ያለ ፈቃድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ብሎ ይጠይቃታል። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ ቃለ መሐላ ፈጽማ ነው የምትመልሰው። ከዋሸች አዲስ ችግር ይወለዳል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ካሹ አይደለም። አይ-9 የሚባል ፎርም አለ፣ ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ ለአሠሪው የሚሞላው። አራት ምርጫ አለው፣ የመጀመሪያው «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚል ነው። በሰው ወረቀት የምትሠራ ልጅ፣ ወረቀቱ የዜጋ ከሆነ፣ እሷም ያንን ሳጥን ነው ምልክት የምታደርገው። አንዳንዴ አሠሪው ራሱ ሞልቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላታል። ሥራ ለማግኘት ብሎ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 ወዲህ ግሪን ካርድን ዕድሜ ልክ የሚያስከለክል ጥፋት ነው። ለግሪን ካርድ አመልካች ይቅርታ የሚጠየቅበት ፎርም የለውም። ባሏ ዜጋ ቢሆንም፣ ልጅ ብትወልድም፣ አሥር ዓመት ቢያልፍም አይድንም። ለጥቂት ወራት ደመወዝ ተብሎ የሚፈረም አንድ ፊርማ ትዳሩን በሁለት አገር ሊከፍለው ይችላል። ይህን ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ እድርም ላይ ደጋግመን መናገር ነበረብን።

ወረቀቷን የምታውሰዋም ብትሆን ተጎጂ ናት። ገቢው የሚመዘገበው በሷ ስም ነው። ታክስ ሲደርስ ያልሠራችው ገንዘብ ይመጣባታል። እንደ ገቢ መጠን የሚሰጥ ድጋፍ ካላት ሊቀርባት ይችላል። ወንጀልም ነው። በመረዳዳት ስም የሚደረግ መጎዳዳት ነው የሆነብኝ።

እሺ፣ ታዲያ ምን ትሥራ? ትማር።

ማመልከቻዋ እየታየ ያለች ሰው ትምህርት ቤት ለመግባት ወርክ ፐርሚት አያስፈልጋትም። ይህን ስናገር የሚገረም ሰው አያለሁ፣ ሥራ የተከለከለ ሰው ሁሉም ነገር የተከለከለ ይመስለናል። የእንግሊዝኛ ክፍል፣ የሁለተኛ ደረጃን የሚተካው የጂኢዲ ፈተና ዝግጅት፣ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ክፍት ናቸው። ዲሲ የሚኖር ሰው ካርሎስ ሮሳሪዮን የመሰለ ለአዋቂዎች የተቋቋመ፣ ለከተማዋ ነዋሪ በነፃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርቡ ነው፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ኖቫ የሚባለው ኮምዩኒቲ ኮሌጅ አለለት። ቤተ መጻሕፍትም አለ። በየሰፈሩ ባሉ ቤተ መጻሕፍት እንግሊዝኛ የሚለማመዱ ቡድኖች ይሰበሰባሉ፣ መታወቂያህን አምጣ የሚልም የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ግሪን ካርድ እስኪመጣ የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ የለም፣ ወርክ ፐርሚት ቢኖርም እንኳ በሱ ብቻ በፋፍሳ፣ ማለትም በዕርዳታው ማመልከቻ፣ ገንዘብ አይገኝም። የኮሌጅ ክፍያም የስቴቱ ነዋሪ ተብሎ መቆጠርና አለመቆጠር ላይ ነው የተመሠረተው፣ ልዩነቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ይዛችሁ የኮሌጁን ሪጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። ስቴት ከስቴት፣ አንዳንዴም ኮሌጅ ከኮሌጅ ይለያያል፣ ስለዚህ የጎረቤት ወሬ አይበቃም። አልሆን ካለ አንድ ኮርስ ብቻ ውሰዱ። አንድ ኮርስም ትልቅ ነገር ነው።

አገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ በዚህ ጊዜ የሚሠራው ብዙ ነገር አለው። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ አካውንታንት፣ መምህር ሆነው የመጡ ልጆች ወርክ ፐርሚት ሲደርሳቸው የመጀመሪያውን የተገኘ ሥራ ይይዛሉ፣ ከዚያ ሁለት ሥራ ይሆናል፣ ከዚያ ልጅ ይወለዳል፣ ዲግሪው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው አስልኮ እዚህ ማስገምገም ወራት ይፈጃል። ሬጅስትራር ቢሮ የሚሄድላችሁ ዘመድ መፈለግ አለ፣ ውክልና መላክ አለ፣ ፖስታው እንደታሸገ ከተቋሙ በቀጥታ መላክ አለበት የሚል ገምጋሚም አለ። ይህን ሁሉ ለመጀመር ከመጠበቂያው ጊዜ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ነርሷ ኤንክሌክስ ለሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ታንብብ። አዲስ ሙያ የምትፈልግ ሲኤንኤ የሚባለውን የረዳት ነርስነት ሙያ ትማር፣ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ነው የሚጠይቀው፣ ስቴቶች ከዚያ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። ፈተናው ሶሻል ይጠይቅ እንደሆነ ግን ሳትመዘገብ አስቀድማ ትጠይቅ።

በጎ ፈቃድም አለ። ቤተ ክርስቲያን፣ የምግብ ባንክ፣ የሆስፒታል በጎ ፈቃደኛ መሆን ይቻላል። ልብ በሉ፣ ሰው ተቀጥሮ የሚከፈልበትን ሥራ «በነፃ ነው» ብሎ ንግድ ቤት ውስጥ መሥራት በጎ ፈቃድ አይባልም። የዘመድ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ማጠብ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ ዘመድነቱ ሕጉን አይለውጠውም።

አንድ ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። በተማሪ ቪዛ መጥቶ፣ እየተማረ ያገባ። ይህ ሰው ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የተማሪነት ደረጃውን እስከጠበቀ ድረስ ግቢ ውስጥ ትምህርት እየተሰጠ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፣ በዕረፍት ጊዜም ሙሉ ሰዓት። ኦፒቲ በሚባለው የተማሪዎች የሥራ ልምምድ ፈቃድ ላይ ከሆነ በዚያው ይቀጥላል። ማመልከቻ ባስገባ ማግስት «አሁንማ ግሪን ካርድ ሊመጣ ነው» ብሎ ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅ ሁለት ነገር ያጣል፣ በሕጋዊ መንገድ ያገኝ የነበረውን ሥራና፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን የሚመለስበትን የተማሪነት ደረጃ። በጋብቻ ማመልከቻ የመጣውን ወርክ ፐርሚት ይዞ ከግቢ ውጭ መሥራት ሲጀምርም ተማሪነቱን እንደተወ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ከዚያ በፊት ጠበቃ ያናግር።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ፣ ትልቁ ነገር እዚያ ነው።

ለወራት የራሱ ገንዘብ የሌለው ሰው ይጎዳል። አገር ቤት ደመወዝ የነበራት፣ ወንድሞቿን ያስተማረች ሴት፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ባሏን ስትለምን ትውላለች። ወንዱም እንደዚሁ ነው፣ ሚስቱ ስትሠራ እሱ ቤት ሲውል የሚሰማውን ለማንም አያወራም። በካሽ ወደመሥራት የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ርሃብ አይደለም፣ ይህ እፍረት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የመጣው ባል ወይም ሚስት ነገሩን ሳይጠየቅ ማስተካከል አለበት። የጋራ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ ለትዳሩ እውነተኛነትም ማስረጃ ይሆናል። የትምህርት ወጪ በየወሩ በጀት ላይ እንደ ቤት ኪራይ ይቀመጥ። ለአገር ቤት ቤተሰብም እሱ ራሱ ደውሎ «እሷ አሁን ትምህርት ላይ ናት፣ ለጊዜው አትጠብቁ» ይበል። ይህች አንድ ስልክ ስንት ጭንቀት ታስቀራለች! አማችና ምራት መካከል ሊገባ የነበረ ቅሬታም ይቀራል።

ወረቀቱን መያዣ አድርጎ የሚያስፈራራ ሰው ደግሞ አለ። «ደውዬ አስወጣሻለሁ» የሚል። የሚበድል የትዳር ጓደኛ ያለበት ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ በ1994 በወጣው ቫዋ በሚባለው ሕግ መሠረት ያለ በዳዩ ፈቃድ በራሱ ማመልከት ይችላል። ለበዳዩም አይነገረውም። እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ ንገሩት።

መንግሥትንም አልተወውም። ሕጉ አመልካቿን የሚያግዛት ዜጋ ከድህነት ወለል 125 በመቶ የደረሰ ገቢ እንዲያሳይ ያስገድዳል፣ ለመንግሥት ሸክም እንዳትሆን። ጥሩ። ታዲያ ሸክም እንዳትሆን ከተፈለገ ለምን ቶሎ እንድትሠራ አይፈቀድላትም? ቀድሞ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ በ90 ቀን ውስጥ መታየት አለበት የሚል ደንብ ነበር፣ ካልታየም እስከ 240 ቀን የሚያሠራ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። በጃንዋሪ 2017 ተነሣ። ክፍያውም ተጨመረ። እስከ 2024 ድረስ 1,225 ዶላር የተከፈለበት የግሪን ካርድ ማመልከቻ የሥራ ፈቃዱን ይጨምር ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ማመልከቻው 1,440፣ የሥራ ፈቃዱ ለብቻው 260 ዶላር ሆነ። አንድ ሰው እንዳይሠራ እየከለከሉ፣ ለመሥራት ፈቃድ መጠየቂያ ተጨማሪ ገንዘብ ማስከፈል ፍትሐዊ አይደለም። ያ የ90 ቀን ገደብ መመለስ አለበት።

ዜጋ የሆናችሁ ባሎችና ሚስቶች ድምፅ አላችሁ። የመረጣችሁት የኮንግረስ አባል ቢሮ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉት፣ አገልግሎቱም ነፃ ነው። ማመልከቻው ከተለመደው ጊዜ ካለፈ ድረ ገጻቸው ላይ ያለውን የፈቃድ ፎርም ሞልታችሁ፣ አመልካቿ ፈርማ፣ የደረሰኙን ቁጥር ጨምራችሁ ላኩ። እግረ መንገዳችሁንም ስለ 90 ቀኑ ደንብ አንድ አንቀጽ ጻፉላቸው።