አምስት ደቂቃ ናት

ደላላው ቤቱን ሲያሳየኝ "ከአስፋልት አምስት ደቂቃ ናት" ብሎኝ ነበር። አልዋሸኝም። እሱ ያመጣኝ በመኪና ነው፤ ያውም እሑድ ጠዋት፣ ግማሹ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግማሹ እንቅልፍ ላይ እያለ። እኔ ደግሞ የምኖረው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ የምሄደውም በእግሬ መሆኑን አልነገርኩትም።

አሁን ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከአያት አለፍ ብሎ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። አከራዬ በ1997 ዓ.ም. ሲመዘገቡ ጎረምሳ ነበሩ አሉ፤ ዕጣው ሲወጣላቸው ግን ደረጃው ለጉልበቴ አይሆንም ብለው ለእኔ አከራዩኝ። ሰፈሩ ክፉ አይደለም። ነፋሻ ነው። ማታ ማታ ጅብ ይጮሃል፣ ለሊት የተኩላ ፊልም እንደማየት ነው። ጠዋት ደረጃ ላይ የማገኛት ጎረቤቴ "ከተማ ልትገባ ነው?" ትለኛለች፣ አህያ ጭኜ ገበያ የምወርድ ይመስል። መታወቂያችን ላይ ግን ሁለታችንም አዲስ አበባ ነን።

እና እዚህ ስኖር የተረዳሁት ነገር፣ ዳር የሚኖር ሰው ርቀትን በኪሎ ሜትር አይለካም። በውሸት ነው የሚለካው። ሰው ሲያረፍድ "የሐበሻ ቀጠሮ" እየተባለ ባህላችን በከንቱ ይታማል። ባህሉ ምን አደረገ? ሥራው ቦሌ ወይ ሜክሲኮ፣ ቤቱ ጅብ ሰፈር የሆነ ሰው ካልዋሸ እንዴት አድርጎ ይኑር?

ውሸቱ ደግሞ ደረጃ አለው። "መንገድ ላይ ነኝ" የሚባለው አልጋ ውስጥ ሆኖ ነው። "ታክሲ ውስጥ ነኝ" ማለት ካልሲ እየፈለግኩ ነው ማለት ነው። "እየደረስኩ ነው" ያለ ሰው እውነትም ከቤት ወጥቷል፣ እዚህ ላይ ልታምኑት ትችላላችሁ። ወያላውም ቢሆን የዚሁ አገር ልጅ ነው። "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው መገናኛ!" ይላል፤ ሮጠህ፣ አንዷን ሴትዮ በትከሻህ ገፍተህ፣ ጫማህን አስረግጠህ ስትገባ 12 ሰው እንዲጭን በተፈቀደለት ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠው ሾፌሩና አንድ የተኛ ሰውዬ ነው። "አንድ ሰው አላልክም?" ስትለው "አንድ አንድ እያለ ይሞላል፣ ግባ!" ይልሃል። መልስ የለህም።

ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አያትን ከጦር ኃይሎች በአንድ መስመር አገናኘልን። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። አያት፣ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ሚካኤል፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ማኔጅመንት፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ እያለ ቦታዎቹን እንደ መቁጠሪያ ደረደራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ታክሲ የሚሄደውም ሰው ቢሆን በጣቢያ ቆጥሮ ነው የሚዋሸው። መሪ ላይ ሆኖ ሲኤምሲ ነኝ ማለት ውሸት አይባልም፣ ቸኩሎ መናገር ነው። መሪ ላይ ሆኖ መገናኛ ነኝ ማለት ውሸት ነው፣ ግን ሁላችንም ያደረግነው ነው። መሪ ላይ ሆኖ ሃያ ሁለት ነኝ ማለት ግን ድፍረት ነው፣ ድፍረት ብቻም አይደለም፣ ሞራል ይጠይቃል።

ይህን ሞራል በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ነው። ከኋላ ወንበር አጠገቤ ሱፍ የለበሰ፣ ፋይል ያቀፈ ሰው ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ስልኩ ጮኸ። አየው፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ አነሳው። "አቤት ጌታዬ። ኧረ ደርሻለሁ። ሃያ ሁለት፣ ጎላጎል ጋ ነኝ። ትንሽ ተዘጋግቶ ነው እንጂ..."

ያለነው መሪ ነው። ያውም ገና እየገባን።

እንዲህ ባለ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ያልነበረ ሰው መተባበር ምን እንደሆነ አያውቅም። ሾፌሩ ኳስ የሚያወራውን ሬዲዮ ቀነሰው። ፊታችን የተቀመጡት ሁለት ልጆች ሳቃቸውን በሻርፕ አፈኑት። ወያላው "መሪ ወራ..." ብሎ ሲጀምር ሰውዬው ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ በዓይኑ ለመነው። ልጁ ገባው። ገብቶት ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ግን ደግነቱ በዛና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው አለቃ በደንብ እንዲሰማው "ጎላጎል! ጎላጎል ወራጅ አለ?" ብሎ ጮኸ።

ከፊት ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ እናት ብድግ አሉ። ጭንቅላታቸው ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

"ኧረ በሚካኤል! ሲኤምሲ ሚካኤል አውርደኝ ብዬህ አልነበር? የት አምጥተህ ጣልከኝ ልጄ!"

"ማዘር ይቀመጡ፣ አልደረስንም።"

"ምን አልደረስንም ትለኛለህ? ጎላጎል እያልክ!"

"ማዘር፣ ገና መሪ ነን!" አለ ወያላው፣ ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ።

ታክሲው ጸጥ አለ። አለቃው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሰውዬው ግን ግንባሩን በፋይሉ እየጠረገ "አይ፣ አይደለም ጌታዬ... ታክሲ ውስጥ ነው... ስለ አመራር እየተወራ ነው" ሲል ሰማሁት። መሪ ነን ያሉት ለካ ፖለቲካ ነው! እኔ እንኳን ለአንድ አፍታ አመንኩት። እናትየው ሚካኤል ሲወርዱ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ እግዜር ያድርስህ" አሉት። የእውነት ምርቃት ነው፤ ጎላጎል ለመድረስ ገና ብዙ ጣቢያ ይቀረው ነበር።

ምክንያት ደግሞ እንደ ልብስ ወቅት አለው። ክረምት ጎርፍ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ፣ የትኛው ፕሬዚዳንት በየት በኩል እንዳለፈ የሚያጣራ አለቃ ስለሌለ በጣም ምቹ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣና ምክንያታችንም አብሮ ለማ። አጥር ሲፈርስ፣ አስፋልት ሲቆረጥ፣ ትናንት የነበረው መታጠፊያ ዛሬ አበባ ተተክሎበት ሲገኝ፣ "ተቆፍሮ ነው" ያለውን ሰው ማን ይሞግታል? ብቻ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንዴ አርፍዶ ገብቶ "በታላቁ ሩጫ መንገድ ተዘጋብኝ" አለ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እስከ ዛሬ "ሯጩ" እያልን ነው የምንጠራው።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሰፈራችን ብሎኮች ቁጥር ቢኖራቸውም ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ 31 አጠገብ 112 ቆሟል። ስለዚህ ቤታችንን የምንነግረው በዕቃ ነው። እኔ ራሴ ለአክስቴ "ከባጃጅ ስትወርጂ ቀይ ጃንጥላ ያላት ድንች ሻጭ አለች፣ እሷን በግራ ትተሽ አረንጓዴ ብርድ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ ስታዪ እሱ ብሎክ ነው" ብያት አውቃለሁ። ስነግራት እውነት ነበር። አክስቴ ስትደርስ ግን ድንች ሻጯ ጃንጥላዋን አጥፋ ቤቷ ገብታለች፣ ብርድ ልብሱም ደርቆ ተነስቷል። አክስቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ብሎክ ለብሎክ ስትዞር ቆይታ የሰው ሰርግ መልስ ውስጥ ገባች። አብልተው፣ አጠጥተው፣ በልጃቸው አስይዘው ላኩልኝ። እኔ ቤት የጠበቃት ሽሮ ነበር፣ አልነካችውም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንድ የሰንጋ ተራ ልጅ፣ የድሮ ጓደኛዬ፣ "ቤትህን ሳላይ ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ ዛሬ መጣሁ" አለኝ። ሰንጋ ተራ ያደገ ሰው ከመገናኛ ወዲህ ያለውን ሁሉ ክፍለ ሀገር ነው ብሎ ስለሚያስብ እንዳይፈራ አስቤ "ኧረ ቅርብ ነው፣ ከአያት አምስት ደቂቃ ናት" አልኩት። አፌ ላይ ራሷ መጣች። የደላላው ድምፅ ሁላ ነው የወጣኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ።

"ደርሻለሁ። ብሎካችሁ ሥር ነኝ፣ ውረድ!"

በቁምጣ ነበርኩ። በረንዳ ወጥቼ ወደ ታች አየሁ። ሁለት በግና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ሌላ ማንም የለም። ልጠይቀው ስል ከስልኩ ውስጥ ከሩቅ፣ ግን ጥርት ብሎ፣ "ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ?" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ጸጥታ።

"ማነው እሱ?" አልኩት።

"ማን? የባጃጅ ሾፌር ነው። ወረድክ?"

"ደረጃ ላይ ነኝ" አልኩትና ገላዬን ልታጠብ ከሮቶው ውሃ መቅዳት ጀመርኩ።