«አጎት ይፈርምለት» ለምትሉ

ኮንግረስ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ያበድር የነበረውን፣ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የፌደራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቷል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የሕግ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት የሚያገኘው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው ደግሞ 200,000 ዶላር ብቻ ነው። ይህ ከተወሰነ ወዲህ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባለው ማኅበረሰባችን አንዲት ምክር ከአፍ አፍ ትዞራለች፦ «የመንግሥቱ ቢጎድል የባንክ ይሞላዋል፤ አጎት ኮሳይን ያድርግለት (ማለትም ዋስ ሆኖ አብሮ ይፈርምለት)፤ ልጁ ጠበቃ ሆኖ በ2 ዓመት ይከፍለዋል።» እንዲህ የሚመክሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ምንም ያልፈረሙ ሰዎች ናቸው።

«2 ዓመት» ከየት እንደመጣች አይገባኝም፤ በጣት ሒሳብ እንኳ አትቆምም። ዲሲ ካሉት የሕግ ትምህርት ቤቶች ውዶቹ ለትምህርት ብቻ በዓመት ወደ 80,000 ዶላር ይጠይቃሉ። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለጤና ኢንሹራንስና ለመጽሐፍ 30,000 ሲጨመርበት 110,000 ይሆናል፤ በ3 ዓመት 330,000። ልጁ ተሳክቶለት ትልቅ የጠበቆች ድርጅት ገባ እንበል። ትልልቆቹ ለጀማሪ የሚከፍሉት 225,000 ዶላር ነው፤ ያላገባ የዲሲ ነዋሪ ግብሩን ከፍሎ እጁ የሚገባው 150,000 ገደማ። ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ መኪና ውስጥ እያደረ ሁሉንም ቢሰጥ በ2 ዓመት 300,000 ከፈለ። ዕዳው አላለቀም፤ ወለዱንም ገና አልቆጠርንም። ይህ እንግዲህ ከሁሉ የቀናው ልጅ ነው።

ያልቀናው ይበዛል። የጀማሪ ጠበቆች ደመወዝ በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው፦ አንደኛው 225,000 አካባቢ፣ ሁለተኛው ከ60,000 እስከ 90,000 ባለው ውስጥ። መሐሉ ላይ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «አማካይ ደመወዝ» ተብሎ የሚነገረን ቁጥር ጥቂት ሰው ብቻ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የኛ ልጆች የሚበዙበት ትንሹ የኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ሁሉም ሁለተኛው ጎራ ውስጥ ናቸው።

ልጁ የትኛው ጎራ እንደሚደርሰው ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጠው ትምህርት ቤት ሁሉ ተመራቂዎቹ ከ10 ወር በኋላ ምን ላይ እንዳሉ ቆጥሮ ድረ ገጹ ላይ የማውጣት ግዴታ አለበት። ብሮሹሩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «ይህን ያህል በመቶ ተቀጥረዋል» ትታችሁ ያን ሠንጠረዥ ክፈቱ። የጥብቅና (የባር) ፈቃድ የግድ የሚሉ ሥራዎች የተዘረዘሩበትን ረድፍ ያዙ። ከዚያ ረድፍ ላይ የሙሉ ሰዓትና የረጅም ጊዜ የሚለውን ቁጥር ብቻ ውሰዱ። ትምህርት ቤቱ ከራሱ ኪስ ደመወዝ የሚከፍልባቸውን ቦታዎችና «የራሴን ቢሮ ከፈትኩ» ያሉትን ቀንሱ፤ የቀረውን በተመራቂው ሁሉ ቁጥር አካፍሉ። ትክክለኛው የሥራ ዕድል ይኸው ነው፤ ብሮሹሩ ላይ ካለው ብዙ ጊዜ ሲወርድ ታያላችሁ። «ዲግሪው ይጠቅማል» የሚባለው ሌላው ረድፍ ያለ ባር ፈተና የሚገባባቸውን ብዙ የቢሮ ሥራዎች ስለሚጠቀልል አያታልላችሁ። ቀጥሎ ከ500 በላይ ጠበቃ ያላቸው ድርጅቶች ስንት እንደቀጠሩ እዩ። ስለ 225,000 ማውራት የሚችለው በዚያ ቁጥር ውስጥ ያለ ሰው ነው። ኮሎምቢያን በመሰሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተመራቂ እዚያ ስለሚገባ ውድ ክፍያውም ሊያዋጣ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ውጪ ግን ዩኤስ ኒውስ የሚባለው መጽሔት የሚያወጣውን የትምህርት ቤቶች ደረጃ አይቶ ልጅ የሚያስመዘግብ ወላጅ ይገርመኛል። ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ የነበረው የየል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንኳ በ2022 ለዩኤስ ኒውስ ደረጃ መረጃ አልሰጥም ብሎ ወጥቷል።

ወደ አጎት ፊርማ እንመለስ፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ከላይ ባለው ሒሳብ መንግሥት በዓመት 50,000 ሰጥቶ 60,000 ይጎድላል፤ በ3 ዓመት 180,000 ዶላር ከባንክ ማለት ነው። ባንኩ ደግሞ ሥራና ክሬዲት (የብድር ታሪክ) ለሌለው የ23 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አያበድርም። በ10 በመቶ ወለድና በ10 ዓመት ቢሰላ በወር 2,379 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ በትምህርቱ 3 ዓመት የተጠራቀመውን ወለድ ሳይጨምር። ልጁ በ75,000 ዶላር ተከላካይ ጠበቃ ሆነ እንበል። ለፌደራሉ ብድር በአዲሱ የአከፋፈል ሥርዓት የገቢውን 7 በመቶ፣ በወር 437 ዶላር ግድም ይከፍላል፤ ደመወዙ ሲያንስ ክፍያውም ያንሳል፤ የሕዝብ አገልግሎት ሥራ ላይ ቆይቶ 120 ወር ከከፈለ ቀሪው ይሰረዝለታል። ኮሳይነርም አይጠየቅም። ባንኩ ግን 2,379ኙን ይፈልጋል፤ ደመወዝህ ስንት ነው፣ የምትሠራው ለማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ልጁ መክፈል ሲያቅተው ስልኩ የሚደወለው ለአጎትየው ነው።

ሳይደወልም ቢሆን ጉዳቱ ይጀምራል። «ፊርማ ብቻ ነው» የሚሉት ነገር በአጎትየው ክሬዲት ሪፖርት ላይ እንደ ራሱ ዕዳ ይመዘገባል። አሌክሳንድሪያ በኪራይ የሚኖረው አጎት ልጁ 3ኛ ዓመት ሲደርስ ዉድብሪጅ ቤት ልግዛ ብሎ ሞርጌጅ ሲጠይቅ፣ አበዳሪው ገና መከፈል ያልጀመረውን የተማሪ ብድር እንደ ቤት ብድሩ ዓይነት የቀሪውን ግማሽ በመቶ ወይም 1 በመቶ እንደ ወርሃዊ ክፍያ አድርጎ ሊያስበው ይችላል። ለ180,000 ዶላር በወር 900 ወይም 1,800 ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የቤት ብድር ማግኘት በጣም ይከብደዋል። ተማሪው ራሱ 12 ወር እንደከፈለ በባንክ ወረቀት ከታየ ሊቀነስለት ይችላል፤ ትምህርት ላይ ያለ ልጅ ግን ምን ከፍሎ ያሳያል? «በኋላ ስሙ ይወጣል» ይሏችኋል። ስም የሚወጣው ልጁ የውሉን ያህል ወራት ሳያቋርጥ በሰዓቱ ከፍሎ፣ በራሱ ገቢና ክሬዲት ብቻውን ብቁ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያም ቢሆን በባንኩ ፈቃድ። በእቁብና በእድር ተማምኖ የኖረ ዘመድ ለወንድሙ ልጅ እምቢ ማለት እንደሚከብደው እየታወቀ ይህን ፊርማ መጠየቅ ግፍ ነው።

«ታዲያ የብድሩ ጣሪያ የድሃ ልጅን ከሙያው አባረረ» የሚለው ሙሾ ደግሞ አለ። ሲያባርር የኖረው ዋጋው ነው። ትምህርት ቤቶች የፈለጉትን ሲጠይቁ ግራድ ፕላስ የጠየቁትን ሁሉ ይከፍል ነበር። አሁን ቧንቧው ሲጠብ ካሊፎርኒያ ያለው የሳንታ ክላራ የሕግ ትምህርት ቤት በ2026 ለሚገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች በሙሉ በዓመት 16,000 ዶላር ሰጥቶ የትምህርት ክፍያውን ከ50,000 በታች አወረደ። መቀነስ ይቻል ነበር ማለት ነው። ሌሎቹም ይከተላሉ፤ አጎት እየፈረመ ካላዳናቸው።

እስከዚያው ደጃችን ያሉትን አንናቅ። የዲሲ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለከተማው ነዋሪ የሚያስከፍለው ከውዶቹ ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሃዋርድም ክፍያው ከውዶቹ ጎረቤቶቹ ያንሳል፤ «ስም የለውም» የሚል ካለ በ1933 ያስመረቀው ተርጉድ ማርሻል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ እንደሆነ ይወቅ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ 1 ዓመት ቀደም ብሎ የነዋሪነት ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቤት መቀየሩ ከማመልከቻው ቀድሞ ይታሰብ።

ስኮላርሺፕ ሲሰጥም ቅድመ ሁኔታውን አንብቡ። «3.0 ከያዝክ ይቀጥላል» የሚለው ቀላል ይመስላል። ትምህርት ቤቱ የአንደኛ ዓመት ውጤት መሐሉ 2.9 ላይ እንዲያርፍ ደንብ ካለው ግን፣ ከክፍሉ ከግማሽ በላዩ ስኮላርሺፑን ለመያዝ የማይበቃ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ባለፈው ዓመት ስንቱ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀ በየዲሴምበሩ በሚወጣው የትምህርት ቤቱ የመረጃ ቅጽ ላይ በቁጥር ተጽፏል።

ዋጋውም ይደራደሩበታል። ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸው የኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤት መሐል ከፍ እንዲል ስለሚፈልጉ ከዚያ በላይ ላመጣ ልጅ ገንዘብ አላቸው፤ ፈተናውን እንደገና ተፈትኖ 3 ነጥብ መጨመር አንድ ክረምት ተቀጥሮ ከመሥራት የበለጠ ሊያስገኝ ይችላል። የሌላውን ትምህርት ቤት የስኮላርሺፕ ደብዳቤ አያይዞ፣ የ3ቱን ዓመት ጉድለት በቁጥር አስቀምጦ፣ «ጠቅላላ ወጪዬን ከ50,000 በታች ካደረጋችሁልኝ እገባለሁ» ብሎ መጻፍ ነው። የመቀመጫ ዲፖዚት (ቦታ ማስያዣ) ከተከፈለ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ ግን ብዙም ሰሚ የለውም።