ለጉንዳን ሰርግ ነው እንዴ?

አሁን ገና ቤት ገባሁ። ጋቢውን እንኳ ከላዬ አላወረድኩም። ንዴቴ ትኩስ እያለ ልጻፈው ብዬ ነው፤ በዚህ ውርጭ ሻይ እንኳ አፍ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል።

ያን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የድምፅ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ በሩ ላይ ከኔ ቁመት የሚበልጥ ሞንታርቦ ገትሮ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ የሚያደነቁረው። ዛሬ እሱ ጋ ሄድኩላችሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!

የሄድፎኑን ታሪክ አልደግምላችሁም፣ ሰምታችሁ ሰልችቷችኋል። ባለ 300 ኦም ነው (ኦም ማለት ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን ነው)፣ ስልኬ አይችለውም፣ በቃ። «ኦሪጅናል ነው ግን?» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። ኦሪጅናል ስለሆነማ ነው ስልኩ ያልቻለው! መንገድ ላይ የሚዞረው ኢርፎን 16 ወይም 32 ኦም ነው፤ ማንኛውም ስልክ ያስጮኸዋል። ይሄኛው ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስልኬ ግማሽ ቮልት ቢሰጠው የሚያገኘው ኃይል አንድ ሚሊ ዋት፣ ማለት የዋት አንድ ሺህኛ፣ አይሞላም። በዚያ ላይ የምሰማው በገና ነው። የእንዝራው፣ የዚያች ከአውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ፣ ንዝረት ካልተሰማ ምኑን በገና ሆነ? ወንድሜማ አንድ ቀን ከፍቼለት «ይሄ ነገር ይንጫረራል፣ ተበላሽቶብሻል» ብሎ መለሰልኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ነው የምኖረው።

ስለዚህ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ አምፕ፣ ማለት አምፕሊፋየር፣ ታስፈልጋለች። ሲሞይ የምትባለዋን ነው የያዝኩት። ቹ ሞይ የሚባል ሰው ነው የነደፋት፤ ስሟም ከሱ የወጣ ነው። ፈረንጆቹ ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ይገጥሟታል። እኔ የብስኩት ቆርቆሮ አጥቤ አስቀምጫለሁ። ቆርቆሮ መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ስልክ አጠገቧ ሲሆን የሚገባውን ያን «ትር ትር ትር» ይከላከላል። አንድ ባለ ስምንት እግር አይሲ (ጥቁሯ ቺፕ)፣ እፍኝ የማይሞላ ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንድ ቮልዩም፣ ሁለት ጃክ፣ አንድ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ። አለቀ። የሮኬት ዕቃ አልጠየቅኩም።

ገባሁ። ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ ኦፒኤ 2134 የሚባል አይሲ አለዎት?»

ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ከኋላዬ አየ። ከኋላዬ ማንም የለም።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ይሄን የጻፈውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተይው፣ ስልኩን ስጪኝ፤ እኔው ላውራው። አንቺ ምን አለፋሽ።»

«የማንን ስልክ?»

«የሰውየውን ነዋ!»

ሰውዬ የለም! ሰውዬ ከየት ላምጣ? ባትሪውን በሁለት እኩል ሬዚስተር ለሁለት ከፍዬ፣ መሃሉን ዜሮ አድርጌ፣ ከላይ 4.5 ከታች 4.5 ቮልት ያወጣሁት እኔ። 10 ኪሎ ኦሙን ለ1 ኪሎ ኦም አካፍዬ፣ አንድ ጨምሬበት፣ «የሲግናሉን ቮልቴጅ 11 እጥፍ ያሳድጋል» ብዬ ያሰላሁት እኔ። ሌሊት ጣቴ ደንዝዞ እስከማላውቀው ድረስ የበየድኩት እኔ። የሰውየውን ስልክ ይለኛል!

ዋጥኩት። ዕቃውን እፈልጋለሁ፣ ምን ላድርግ።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«አምፕሊፋየር።»

ይሄኔ ፊቱ ፈካ አለ። አምፕሊፋየር ሲባልማ እንጀራው ነው።

«ስንት ዋት ነው?»

«ሃያ ሚሊ ዋት ቢሞላ ነው።»

«ሃያ ሺህ?»

«ሚሊ፣ ጋሼ። ሚሊ ዋት።»

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ «እናንተ! ኑማ ስሙ!» ብሎ ተጣራ። ሁለት ጎረምሶች ብቅ አሉ፤ አንደኛው ምሳ ላይ ኖሮ ጉርሻውን እንደያዘ ነው የመጣው። «እስኪ ድገሚላቸው» አለኝ። ደገምኩላቸው። አዎ፣ ቆሜ ደገምኩላቸው።

«ለጉንዳን ሰርግ ነው እንዴ?»

ጉርሻ የያዘው ትን አለው። ሌላኛው ጀርባውን ይደልቅለታል፣ እሱም ይስቃል፣ ሰውየውም ባንኮኒውን ይዞ ይስቃል። እኔ መሃላቸው ወረቀቴን ይዤ ቆሜአለሁ። የበለጠ የሚያናድደው ደግሞ ቀልዱ ጥሩ መሆኑ ነው። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ለሳምንት እስቅበት ነበር።

ሳቁ አልበቃውም፣ ቀጠለ። «ለስንት ሰው ነው የምታጫውቺው?»

«ለራሴ ነው።»

«ለራስሽ ብቻ?»

አስተያየቱን ባያችሁት! ሳቁ ጠፋና አዘነልኝ። ዘመድ አዝማድ የሌላት፣ ቡና የሚጠጣላት ጎረቤት ያጣች አስመሰለኝ። ሙዚቃ ለራስ ብቻ ይሰማል እንዴ? ነውር ነው እኮ! ሙዚቃ ማለት እሱ በሩ ላይ ከፍቶት እስከ ጠባሴ የሚሰማው ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለው ግሮሰሪ ሌሊቱን በሙሉ ባሱን ሲለቀው መስኮቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የማድረው። ጥር ሲመጣ ደግሞ ሰርገኛው በየድንኳኑ ይቀበለዋል። አንድ ቀን «ማን ልኮህ ነው?» የተባለ የለም። ማንንም ሳልረብሽ ልስማ ያልኩት እኔ ነኝ መታወቂያ ልታሳይ ምንም ያልቀራት።

ከዚያማ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መሳቢያውን ሳበና ኤልኤም 386 አወጣልኝ።

«ይሄን ውሰጂ፣ አንድ ነው።»

«ጋሼ፣ አንድ አይደለም። ይሄ አንድ ቻናል ነው፤ እግሩም አይገጥምም።»

«ስምንት እግር አይደል ያልሽው? ቁጠሪው!»

ቆጠርኩት። ስምንት ነው። ምን ልበል? የኔው አራተኛው ላይ ኔጌቲቭ፣ ስምንተኛው ላይ ፖዘቲቭ ነው፤ ድምፁ በአንደኛውና በሰባተኛው ይወጣል። የ386 ፖዘቲቭ ስድስተኛው ላይ ነው፣ ድምፁ በአምስተኛው ይወጣል። ይሄን ለማን ነው የማስረዳው፣ ትን ላለው ልጅ? «ሸረሪትም ስምንት እግር አላት» የሚለው መልስ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ለሹፌሩ ብነግረው አልሳቀም። «ሂሳብ ያዢ» አለኝ። እሱም አሥር ብር መልስ «የለኝም» ብሎ ወስዶብኛል፤ የሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

አንጀቴን ያሳረረኝን ግን ልንገራችሁ። ሰውየው ከኋላው፣ በላስቲክ የተሸፈነ ሚክሰር ደርድሯል። የዚያ ዓይነት ርካሽ ሚክሰር ሲከፈት ሆዱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው 4558 የሚባለው አይሲ ነው። ባለ ስምንት እግር፣ ሁለት ኦፕ አምፕ (ሲግናል አሳዳጊ) በአንድ የያዘ፣ የእግሩ አቀማመጥ ከጠየቅኩት ጋር አንድ የሆነ። ማለትም «እንዲህ ያለ ነገር የለም» እያለኝ ያለው የሱን ዘመዶች ደርድሮ ነው። እነሱም የሚሠሩት ያችኑ በሚሊ የምትቆጠር ሲግናል ነው። ያ ሁሉ ጩኸት መጀመሪያ የጉንዳን ሰርግ ነበር!

ደግሞ እዚህ ሰው ጋ ወድጄ መሰላችሁ የሄድኩት? አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥፍር ለምታክል ቺፕ ብሎ ሰው ቀኑን አያቃጥልም። በዚያ ላይ ባለፈው ይሄንኑ ቺፕ ከመርካቶ አስመጥቼ ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈው ፊደል ከመጠን በላይ ነጭ ነበር፤ ያኔውኑ ደስ አላለኝም። ቦርዱ ላይ ባለው የቺፕ ሶኬት ሰካሁት። ሄድፎን ሳልሰካ በፊት መውጫውን በቴስተር ለካሁ። ሙዚቃ ሳይኖር መውጫው ላይ ዜሮ አካባቢ፣ ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው መታየት ያለበት። ሁለት ቮልት አለፈ! ያ ዲሲ (ሙዚቃ ያልሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሄድፎኑ ውስጥ ቢገባ እንደ ፀጉር የቀጠነችዋን የሽቦ ጥቅል ከቦታዋ ገፍቶ ድምፁን ያበላሻል፤ ሊጎዳትም ይችላል። ሳልለካ ብሰካው ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ብሶት ሳይሆን ሙሾ ሊሆን ይችል ነበር።

ከዚያ የእህቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክሬ ቺፑን አሸሁት። ፊደሉ ተነስቶ ጥጡ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ጥቁሩ ቀለም ለቀቀ። ከሥሩ ተፍቆ የጠፋ ሌላ ጽሑፍ ጭረቱ ብቅ አለ። ቀለም ቀብተው፣ ስም አውጥተው ነው የሸጡልኝ! ትክክለኛውን የሚሠራው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል ኩባንያ ነው፤ የሱማ ጽሑፍ እንዲህ በጥጥ አይለቅም። ለሻጩ ደወልኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እህቴ፣ ማን በአሴቶን እጠቢው አለሽ?»

በቃ ስልኩን ዘጋሁት። ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

የሌላ ቀኑም አለ። ለዚያ ለባትሪ መክፈያው ሁለት 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስፈልግ አንዱ ሱቅ «47 ነው ያለው፣ ነጥቧን ራስሽ ጨምሪባት» ብሎኛል። የዘጠኝ ቮልት ባትሪማ አይነሳ። ከመደርደሪያ አቧራ እየጠረገ «አዲስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ሲለካ ሰባት እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር።

ቤቴ ገብቼ ልረፍ እንዳልል ደግሞ እትዬ አሉ። መበየጃው የቆጣሪውን ብር የሚጨርሰው ይመስላቸዋል። «አንቺ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት የምታነጅው ምንድነው?» ይሉኛል። እትዬ፣ 40 ዋት ነው! የርስዎ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ነው። እርስዎ አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግሩ የሚፈጀውን እኔ ከሰባ ሰዓት በላይ እበይድበታለሁ። ይሄን በልቤ ነው የምለው፤ ፊት ለፊትማ «እሺ እትዬ» ነው። ባለፈው የሊዱ ጭስ ሸቷቸው «ምን እያጨስሽ ነው? ቤቱን የጠንቋይ ቤት አደረግሽው» ብለው በሩን ከፍተው ገቡ። ሊዱ ውስጥ ያለው የጥድ ሙጫ ነው ብላቸው «ታዲያ ሙጫ የሚያጨስ ማነው?» አሉ። መልስ የለኝም። እውነታቸውን ነው።

እሱን ሙጫ ከቦርዱ ላይ ላጽዳ ብዬ አልኮል ብፈልግ በሄድኩበት ፋርማሲ ሁሉ «የለም»። ወንድሜ ተነስቶ «በደብረ ብርሃን አልኮል ጠፋ ብላ የምታለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ» አለና የአረቄ ጠርሙስ አመጣልኝ። ምን ምርጫ አለኝ፣ በጥርስ ብሩሽ ነክሬ ፈተግኩት። ሙጫው በከፊል ተነሳ፣ ውሃው ደግሞ ነጭ ነገር ትቶ ሄደ። ቤቱ ሦስት ቀን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲሸት ከረመ። ለእትዬ ይሄንንም አስረዳሁ። እንዴት እንዳዩኝ አልነግራችሁም።

አሁን ቦርዱ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር ተበይዷል። ሶኬቱ ባዶ ነው። መብራት ደግሞ አሁን፣ ይሄን እየጻፍኩ፣ ጠፋ። ይጥፋ! የኔዋ በባትሪ ነው የምትሠራው። ግሮሰሪው ግን ጸጥ አለ፤ ለዚህ እንኳ ተመስገን።

እና አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኦፒኤ 2134፣ ያለ ቀለም ቅብ፤ ከጠፋ ኤንኢ 5532 ይሁን። ሁለተኛው 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም፣ ስቴሪዮ፣ ማለት ስድስት እግር ያለው። ጀርባው ላይ ኤ 10 ኪሎ የሚል መሆን አለበት። ቢ ካለ ተዉት፤ እሱ ትንሽ ሲነካ ድምፁ ዘሎ ይሄድና ከዚያ በኋላ ቢያዞሩትም ለውጥ የለው። ሻጩ «ኤም ቢም አንድ ነው» ይላችኋል። እግሩን ቁጠሩ ሊላችሁም ይችላል። አትከራከሩት። «ማን ልኮህ ነው?» ካለ ደግሞ ባሏ ነው በሉት፣ ኢንጂነር ነው፣ ውጭ አገር ነው ያለው፣ ያሻችሁን ጨምሩበት። የታክሲውን እኔ እችላለሁ።