ካልዞረ አልሰማም

ወገኖቼ፣ በተለይም እናንተ በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ከጀሞ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ታክሲ ስትጠብቁ የነበራችሁ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ስማችሁን አላውቅም። ፊታችሁን ግን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ጆሮው የከዳው ሰው ኑሮው ፊት ማንበብ ነውና ያየሁትን ፊት ቶሎ አልረሳም።

የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ፉሪ ተራራ ገና ከጉም አልወጣም ነበር። የእግረኛው መንገድ እኩሌታው በአሸዋ ክምርና በብሎኬት ተይዟል፤ የተረፈው ጭቃ ነው። እግር የሚያስቀምጥ ደረቅ ቦታ የነበረው በብስክሌት መስመሩ ላይ ብቻ ነበር። በቆሎ ጠባሿ በዚያ በኩል ትመጣለች። ታውቋታላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለሱ እሸት የገዛችሁት ከእሷ ነው። ስንት ነው ስትሏት በጣቷ የምታሳያችሁ፣ እናንተም «ዝምተኛ ናት» ብላችሁ የምታልፏት ሴት ናት። አንድ ማዳበሪያ በቆሎ በጀርባዋ አዝላ፣ የከሰል ማንደጃዋን በቀኝ እጇ አንጠልጥላ፣ ከሸክሙ ብዛት አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው። እንዲህ የተሸከመ ሰው ወደ ኋላ ልይ ቢል እንኳ መላ አካሉን ማዞር አለበት።

ከኋላዋ አንድ ወጣት በሳይክል መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አውራ ጣቱ የደወሉን ምላስ ሲገፋ አየሁ፤ አንዴ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። የእናንተም ጩኸት እንደ ሩቅ ከበሮ ደረሰኝ። ቃሉን አልለየሁትም፤ አፋችሁ ሲከፈት ግን አይቻለሁ። በኋላ እንደተነገረኝ «ዞር በይ! አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ!» ነበር የምትሉት። ከእናንተ እስከ እሷ አሥር እርምጃ አይሞላም። አንዳችሁ ወረድ ብሎ ፊቷ ላይ እጁን ቢያውለበልብ፣ ወይም ክንዷን ሳብ ቢያደርጋት በቂ ነበር። ማንም አልወረደም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሳይክል በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ ሲደውል ሃያ ሜትር ያህል ይርቃት ነበር፤ ያኔ ፍሬን ቢይዝ በሰላም ይቆማል። እሱ ደወሉን አምኖ መጣ፤ እናንተ ጩኸታችሁን አምናችሁ ቆማችሁ።

መሪው ማዳበሪያውን መታው። በፊቷ ተደፋች። ማንደጃው ተንከባሎ አስፋልቱ ላይ ወጣ፣ በቆሎው ተዘረገፈ፣ አንድ ሚኒባስ ግማሹን እየጨፈለቀ አለፈ። እሷ መጀመሪያ ያደረገችው ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? በጉልበቷ እየዳኸች በግራ እጇ በቆሎ መልቀም። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተጠማዞ ተንጠልጥሏል።

ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች ልጁን አነሡት። ሌሎች ሳይክሉን አቁመው ጎማው ተጣምሞ እንደሆነ እያሽከረከሩ አዩ። የቀራችሁት እላይዋ ላይ ክብ ሠርታችሁ ቆማችሁ ትናገሩ ጀመር። እኔም ቀርቤ ከጀርባችሁ ቆምኩ። «ሲደወልልሽ አትሰሚም?» «እንዲህ ስንጮህ!» «ራሷ ናት ጥፋተኛዋ።» አራት አምስት አፍ ባንዴ ይናገራል፤ እሷ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ትንከራተታለች፤ አንዱን ይዛ ሳትጨርስ ሌላው ይከፈታል። በመጨረሻ በደኅናው እጇ ጆሮዋን ነክታ መዳፏን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ያኔ ዝም አላችሁ። እኔም አሁን ያፍራሉ፣ አሁን ያነሷታል ብዬ ጠበቅሁ።

ጥቁር ዣንጥላ የያዘው ጎልማሳ ተናገረ። ቃሉን ከከንፈሩ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ ስለደገመው አልተሳሳትኩም። «ደንቆሮ ከሆነች ታዲያ ለምን ብቻዋን ትወጣለች?» አለ። እናንተም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ።

ልጁን ይቅር ብዬዋለሁ። ይህን መነቅነቅ ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ማን ይዟት ይውጣ? የሰባት ዓመት ልጇ ናት ያለቻት። ቤት ትቀመጥ ካላችሁ የቤት ኪራዩን ማን ይክፈል? ሀገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ስታጸድቅ ይህች ሴት እንደ ማንኛችንም ወጥታ እንድትገባ ፈርማላታለች። እናንተ መንገድ ዳር ቆማችሁ በአንድ መነቅነቅ ሻራችሁት። ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ የሚፈረድበት ወንጀል ሲሠራ ነበር። የእሷ ወንጀል በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት መትረፏ ነው።

ደግሞ ጆሮ እንዴት እንደሚከዳ የምታውቁ አይመስለኝም። እኔ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ካናማይሲን የሚባል መርፌ ለወራት ተወግቻለሁ። ሕይወቴን ስላተረፈልኝ አላማርረውም፤ ዛሬ ያ መርፌ በአብዛኛው በሚዋጡ መድኃኒቶች ተተክቷል። ከእኔ ጆሮ ግን ቀጫጭኖቹን ድምፆች ወስዶ ሄደ። በእርጅና የሚደክም ጆሮም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከበሮው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፤ ጸናጽሉን ካህኑ እጅ ላይ ሲወዛወዝ ነው የማየው። ሲኖትራክ ሲመጣ አውቃለሁ። ወፍ፣ የሻይ ማንኪያ፣ በስልክ የምታወራ ልጅ፣ የሳይክል ደወል፣ እነዚህ ለእኔ የሉም። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ደወል መጀመሪያ የሚጠፋው ከሽማግሌዎቻችሁና ከእናቶቻችሁ ጆሮ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ብላችሁ የምትተማመኑበት ደግሞ እሱን ነው።

አንድ ጆሮው ብቻ የሚሠራለት ሰውም አለ። ድምፅ ከየት በኩል እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱ ጆሮዎች እያስተያዩ ስለሚነግሩን ነው። አንዱ ሲጎድል ደወሉ ይሰማል፣ አቅጣጫው አይታወቅም። «ዞር በል!» ስትሉት ወዴት ይዙር? በቋንቋችን ይህ ቃል ወደ ኋላ ተመልከት ማለትም ነው፣ ገለል በል ማለትም ነው፤ ግራ ወይም ቀኝ አይልም። ደንግጦ ይዘልና ራሱ ሳይክሉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ «ዘሎ ገባብኝ» ትላላችሁ።

የመስሚያ መሣሪያ ለምን አያደርጉም የሚለኝም ይኖራል። አደርጋለሁ። መሣሪያው ሁሉንም ነው የሚያጎላው፤ ነፋሱን፣ የጀነሬተሩን ጩኸት፣ የታክሲ ረዳቱን ጥሪ። ዝናብ ሲነካው ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። ለዚህች ሴት ግን ዋጋው ከስንት ክረምት በቆሎ ጋር እንደሚስተካከል አስሉት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ እናንተን ብቻ ገሥጬ ላልፍ አልችልም።

ያን ዕለት እኔስ የት ነበርኩ? ከጀርባችሁ ነበርኩ። መሣሪያዬ በፌስታል ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝናቡን ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ዝናቡ ግን ጎሕ ሳይቀድ ነው የቆመው። ያወለቅሁት እንዳታዩብኝ ነው። በዚህ ሰፈር ስድስት ዓመት ስኖር ጆሮዬ እንደሚከብድ ለአንድ ጎረቤት አልተናገርኩም። ከኋላ ሰላም ያለኝን ሳልመልስ ስቀር «ሐሳብ ይዞኝ ነው» እላለሁ። በዕድር ስብሰባ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ኩሩ ነው መባልን መርጬ ኖርኩ፤ ያ በእሷ ላይ የወደቀው ስም በእኔ ላይ እንዳይወድቅ።

የምልክት ቋንቋም ጥቂት አውቃለሁ። «ተጎዳሽ?» ማለት እችላለሁ፣ «ሐኪም ቤት» ማለት እችላለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከእሷ ጋር መነጋገር የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ እጄን ባነሣ «አንተስ ከየት ተማርከው?» ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ታክሲው መጣ። ገባሁ። ከመስኮቱ በኩል ሳያት አሁንም በቆሎ ትለቅማለች። ጀርመን አደባባይ እስክደርስ ድረስ ራሴን «ሌላ ሰው ያነሣታል» እያልኩ ሄድኩ። ዣንጥላ የያዘው ሰው ክፉ ቃል ተናገረ፤ እኔ ደግ ቃል እያለኝ ይዤው ሄድኩ። ከሁለታችን ማን እንደሚከፋ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

ያነሣት አንድ ሊስትሮ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጫማ እያስጠረግሁ ቆይቶ የነገረኝ ራሱ ነው። ሳጥኑን አስቀምጦ ፊቷ እንዲያየው ቁጢጥ አለ፤ እጁን አሳያት፣ እጇን አሳየችው፣ በሻርፑ አስሮላት ባጃጅ አስቆመላት። «ማን አስተማረህ?» ስለው «ጋሼ፣ አልሰማ ስትለኝ ፊቷ ዞርኩ» አለኝ። ይኸው ነው። እኛ አዋቂዎች ድምፃችንን ስናሰፋ ልጁ ቦታውን ቀየረ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሳይክል የምትነዱም የምትቆሙም፣ እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ። ደውላችሁ ያልዞረ ሰው አልሰማም። ንቆ ነው፣ ተንኮል ነው፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነው አትበሉ። ሁለተኛ አትደውሉ፤ ፍሬን ያዙ። ለማለፍ ቦታ ከሌለ ውረዱና ሳይክሉን ገፍታችሁ እለፉ፤ ቦታ ካለ ክንድ ሙሉ ርቃችሁ፣ በእግር ሰው ፍጥነት። ከኋላ ትከሻ አትምቱ፤ ፊት ለፊት ዞራችሁ ታዩ። እናንተ ግንበኞችና ባለ ሱቆች ደግሞ አሸዋችሁን ከእግረኛው መንገድ አንሡ። እሷ የሳይክሉን መስመር የረገጠችው የእሷን መስመር ስለወሰዳችሁባት ነው፤ ይህን በዚያ ክብ ውስጥ ማንም አላነሣውም።

ለእንደ እኔ ዓይነቶችም ቃል አለኝ። ከልጅነታችን እግረኛ ግራውን ይዞ ይሂድ እየተባልን ያደግነው የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እንድናይ ነው፤ ለእኛ ዋናው ጋሻችን እሱ ነው። በብስክሌት መስመር ላይ ግን ሳይክል ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ እዚያ ላይ ግራ መያዝ አያድንም። ልትሻገሩት ስትሉ፣ ጭቃ ልትሸሹ ስትወጡ፣ አቅጣጫ ሳትቀይሩ በፊት ቁሙና ወደ ኋላ እዩ። በቀጥታ የሚሄድን ሰው ባለ ሳይክሎቹ ያልፉታል፤ ድንገት የሚታጠፈው ነው የሚመታው። ከሁሉ በላይ አትደብቁ። የምናገረው ደብቄ ያየሁትን ነው።

ሳይክሉ ይጥፋ የምል እንዳይመስላችሁ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሁድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ መኪና ከሚያፍነኝ መቶ ሳይክል ቢያልፈኝ እመርጣለሁ። ደግሞስ ከ2016 ጀምሮ ወደ ሀገር የሚገባው አውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ብቻ ይሁን ተብሎ የለ? ድምፅ የሌለው መኪና በየመንደሩ ውስጥ ለውስጥ ሽው ሲል ደኅና ጆሮ ያለው ሲደነግጥ አየዋለሁ። እናንተም ቀስ በቀስ ወደ እኛ ሀገር እየመጣችሁ ነው። ስትመጡ ፊታችሁ ዞሮ የሚያናግራችሁ ሰው እመኝላችኋለሁ።

ልጁ፣ ባለ ሳይክሉ፣ በሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ቤቷን ፈልጎ ሄደ አሉኝ። አጥንቷ እስኪይዝ በየቅዳሜው ውሃዋን የሚቀዳው እሱ ነበር። ከሁላችን ይቅርታ የጠየቃት እሱ ብቻ ነው።

ስድስት ሳምንት ተቀምጣ የበቆሎው ወቅት አለቀባት። በጥቅምት መጀመሪያ የመጨረሻውን እሸት ይዛ እዚያው ቦታ ወጣች። ቆቤን አውልቄ፣ መሣሪያዬን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ሄድኩ። በጣቴ አሳየኋት። አየችው፤ ቀጥሎ ዓይኔን አየች። ወደ አስፋልቱ ጠቆመች፣ ወደ ታክሲ መያዣው ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ እኔ። አይታኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ይቅርታ የሚለውን ምልክት ሠራሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ደገምኩት። ብዙ ቆየች። ከዚያ የሠራሁት ምልክት ልክ እንዳልሆነ በግራ እጇ ጣቶቼን ይዛ አቃናችልኝ፣ ወደ ከሰሏም ተመለሰች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሊስትሮውም ሥራ ሲቀዘቅዝ ይመጣና ሁለታችንን በየተራ ታስተምረናለች። ባለፈው ሳምንት ከታክሲ ጠባቂዎቹ አንዷ፣ ያን ዕለትም የነበረች ልጅ ናት፣ ቀረብ ብላ ቆማ ስታየን ቆየች። ታክሲዋ መጥቶ አለፋት።